ከሞተ ፍሪጅ የእንቁላል መፈልፈያ፦ ለባሕር ዳር አየርና ለባሕር ዳር መብራት

እንቁላል መፈልፈያ ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሳጥኑ ነው። ከምን ልሥራው? ምን ያህል ይስፋ? አናጺ ልጥራ? ሳጥኑ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ሙቀት የሚይዝና በደንብ የሚዘጋ ነገር ሁሉ ይሆናል። ብር የሚጠይቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቴርሞስታትና ትክክለኛ የሙቀት መለኪያ። እዚያ ላይ አትሰስቱ። ሌላውን ከጓዳም ከቁራሌም ለቃቅማችሁ ትሞላላችሁ።

አንድ የሐበሻ ዶሮ ብትታቀፍ የምትሸፍነው ደርዘን ያህል እንቁላል ነው። የምትታቀፈውም እሷ ባሰኛት ቀን እንጂ እናንተ በፈለጋችሁት ቀን አይደለም። ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ስትዞር ረጅም ጊዜ እንቁላል አትጥልም። ይህ መፈልፈያ 50 ገደማ እንቁላል ይይዛል። ለጀማሪ ይበቃል።

የሚያስፈልጉት

- የሞተ ትንሽ ፍሪጅ፣ በሩ ላይ ያለው ጎማ ያልተቀደደ
- ኤስ ቲ ሲ 1000 የሚባለው ባለ 220 ቮልት ቴርሞስታት
- ሁለት ባለ 40 ዋት የድሮ አምፖል ከነመያዣቸው
- ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ፋንና አሮጌ የራውተር ቻርጀር
- ሙቀትና እርጥበት አብሮ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ
- በብብት የሚለካ የሰው ቴርሞሜትር
- ወንፊት ሽቦ፣ ሁለት ዝርግ ሳህን፣ አራት አምስት የሃይላንድ ፕላስቲክ
- ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን

አምፖሉ ላይ ልብ በሉ። አሁን ሱቁ ሁሉ የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ ነው። ኤል ኢ ዲ ያበራል እንጂ አያሞቅም። የምትፈልጉት ክር ያለው፣ ቢጫ ብርሃን የሚሰጠው፣ ትንሽ ከቆየ እጅ የሚያቃጥለው ነው። አንድ ባለ 100 ዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 40 ይሻላል። ሌሊት አንዱ ቢቃጠል ሌላው እስኪነጋ ያቆያል።

ሳጥኑ

ፍሪጅን የሚያህል ሳጥን የለም። ግድግዳው ውስጥ ፎም አለ፣ በሩ ጥብቅ ነው፣ ይታጠባል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ጎንና ጎኑን አትብሱት፣ ቧንቧውንም አትቁረጡ። በግድግዳው ውስጥ የጋዝ ቧንቧ ያልፋል፤ አንዳንዱ ጋዝ ደግሞ እሳት ይይዛል። ኮምፕረሰሩ እዚያው ቢቀር ክብደት ይጨምር እንደሆነ ነው እንጂ ጉዳት የለውም። የምትበሱት በሩን ብቻ ነው።

በሩ ላይ ከታች አራት፣ ከላይ አራት ቀዳዳ አድርጉ። እያንዳንዱ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ይስፋ። ፅንሱ ይተነፍሳል፤ አየር ካልገባለት በመጨረሻው ሳምንት ታፍኖ ይሞታል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ራሱ ከቆላው የሳሳ ነው። ስለዚህ በቀዳዳ አትቆጥቡ። መጀመሪያ ላይ ግማሹን በናስትሮ ሸፍናችሁ ኋላ ትከፍቱታላችሁ።

እዚያው በር ላይ ደብተር የሚያህል መስኮት ቆርጣችሁ በሁለት ድርብ መስታወት ዝጉት። ቅንጦት ይመስላል። በ20ኛው ቀን ግን ቤተሰቡም ጎረቤቱም “እስቲ ልየው” ሲል በሩ ሳይከፈት የሚያሳየው እሱ ነው።

አምፖሎቹ የሚቀመጡት ላይኛው ፍሪዘር ውስጥ ነው። ትንሿን የፍሪዘር በር ንቀሉ። ቦታው ብረት ስለሆነ እንደ ፕላስቲኩ አይቀልጥም። አምፖሉ ግን ብረቱንም ፕላስቲኩንም አይንካ። ፋኑን ፍሪዘሩ አፍ ላይ አስራችሁ ሙቀቱን ወደ ታች እንዲገፋ አድርጉ፤ ያለ ፋን ሙቀት ላይ ላዩን ይቀራል። ፋኑ በቀጥታ እንቁላሎቹ ላይ ሳይሆን በግድግዳው በኩል ቢነፍስ ጥሩ ነው። የእንቁላሉ ወንፊት መሃል ላይ ይሁን፤ ዙሪያውን ሦስት አራት ጣት ክፍት ተዉለት። የውሃው ሳህን ከሥር፣ ወለሉ ላይ ይቀመጣል።

ፍሪጅ ካላገኛችሁ ከኮምፔርሳቶ ድርብ ግድግዳ ሠርታችሁ በመሃሉ አራት ሳንቲሜትር ፎም ሙሉበት። አምፖሉ ዙሪያ ያለውን ቆርቆሮ አልብሱት። ካርቶን በርካሽነቱ ይወደዳል፤ እኔ ግን አልመክርም። ሦስት ሳምንት እርጥበትና አምፖል አጠገቡ ይዞ የሚቆም ካርቶን ወይ ይልፈሰፈሳል ወይ ይቃጠላል።

ኤሌክትሪኩ

ከኤሌክትሪክ ጋር የማትተዋወቁ ከሆነ ይህን ክፍል ለሚያውቅ ሰው ስጡት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። 220 ቮልት ከእርጥብ ሳጥን ጋር ቀልድ አያውቅም።

ኤስ ቲ ሲ 1000 ከኋላው ስምንት የገመድ ማሰሪያ አለው። 1 እና 2 የራሱ መብራት የሚገባበት ነው። 3 እና 4 የሴንሰሩ ነው። 5 እና 6 የማሞቂያ፣ 7 እና 8 የማቀዝቀዣ ነው። የእናንተ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አይታችሁ አረጋግጡ። ፌዙ በ5 ገብቶ በ6 ይወጣና ወደ አምፖሎቹ ይሄዳል። ኒውትራሉ በቀጥታ ወደ አምፖሎቹ ነው። 7 እና 8 ባዶ ይቀራሉ። ፋኑ በቴርሞስታቱ በኩል አያልፍም፤ ሌት ተቀን ይዞራል። የፍሪጁን ብረት ከሶኬቱ የምድር ገመድ ጋር አያይዙት። ቴርሞስታቱንና የገመድ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ከሳጥኑ ውጪ አድርጉ። ውስጥ የሚገባው አምፖል፣ ፋንና ሴንሰር ብቻ ነው።

ሴንሰሩ የሚንጠለጠለው በእንቁላሎቹ ቁመት፣ መሃል ላይ ነው። ግድግዳ አይንካ፣ የአምፖል ብርሃንም በቀጥታ አይምታው።

ቴርሞስታቱ ላይ ኤፍ 1 የሚባለውን (የሚፈለገውን ሙቀት) 37.5፣ ኤፍ 2ን (ስንት ሲወርድ አምፖሉ እንደሚበራ) 0.3 አድርጉት። በቃ። 37.2 ሲደርስ አምፖሉ ይበራል፣ 37.5 ሲደርስ ይጠፋል።

አሁን ቁጥሩን አትመኑት። እነዚህ ቴርሞስታቶች አንድ ዲግሪ ሊዋሹ ይችላሉ። አንድ ዲግሪ ደግሞ እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ነው። በብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፣ ሴንሰሩንና የሰው ቴርሞሜትሩን ጎን ለጎን ንከሩ፣ ውሃውን እያማሰላችሁ አነጻጽሩ። የሰው ቴርሞሜትር በትክክል የሚያነበው ልክ በዚህ በ37 አካባቢ ስለሆነ ከማንኛውም መለኪያ ይበልጥ ይታመናል። ልዩነቱን በኤፍ 4 ታስተካክላላችሁ። በፈላ ውሃ ልለካ ብላችሁ ግን አትድከሙ፤ ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም።

ከዚያ ሃይላንዶቹን ውሃ ሞልታችሁ ከታች አስቀምጡና ሁለት ቀን ባዶውን አስነሱት። ውሃው ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ መወዛወዙን ይቀንሳል። ቀንም ሌሊትም እዩት። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያው ብቻውን ቤቱን ያግለዋል። ይህ መፈልፈያ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። ስለዚህ ኮርኒስ ያለው ወይም የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ ፀሐይ የማይገባው ክፍል ምረጡለት። ማድ ቤት አይሆንም።

እንቁላሉ

ከሱቅ የሚገዛ የፈረንጅ እንቁላል አይፈለፈልም። ዶሮዎቹ አውራ አይተው አያውቁም። አውራ ካለበት ግቢ የመጣ መሆን አለበት፤ ለ10 ዶሮ አንድ ጤነኛ አውራ ይበቃል። ቦቫንስ ዶሮ ከአውራ ጋር አድርጌ ላስፈልፍል የሚልም አለ። ይፈለፈላል፣ ጫጩቱ ግን እናቱን አይሆንም፤ ቦቫንስ የተዳቀለ ዘር ስለሆነ ያ ሁሉ እንቁላል መጣል ወደ ልጆቹ እንዳለ አይተላለፍም። ስለ ዝርያ መጠየቅ ከፈለጋችሁ በጢስ ዓባይ መንገድ ያለው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ሩቅ አይደለም።

ከቅዳሜ ገበያ መግዛት ይቻላል፤ ችግሩ እንቁላሉ ስንት ቀን እንደቆየ አለመታወቁ ነው። ከሰባት ቀን ያለፈው በየቀኑ ተስፋው ይቀንሳል። በተለይ ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል ይረክሳል። ርካሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ የሚበላው ጠፍቶ ቅርጫት ውስጥ የከረመ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ሦስት ባለ ዶሮ ጎረቤት ይዞ “የዚህን ሳምንት አጠራቅሙልኝ” ማለት ነው። ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉ።

መካከለኛውን ምረጡ። በጣም ትልቅ፣ በጣም ትንሽ፣ የተሰነጠቀ፣ ቅርፊቱ የሻከረ ይቅር። አትጠቡት። ቆሻሻውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል፤ ውሃ የቅርፊቱን መከላከያ ያነሳና ጀርም ያስገባል። ባጃጅ ኮብልስቶኑ ላይ ሲያንገጫግጨው እንዳይናጥ ጭድ ውስጥ አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት። ቤት ሲደርስ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ሌሊቱን አሳርፉት።

ሃያ አንዱ ቀን

ቅዳሜ ገዝታችሁ እሑድ አስገቡ። ቀን መቁጠር ይቀልላችኋል፤ እሑድ የገባ ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ይወጣል።

በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጎን በእርሳስ ኤክስ፣ በሌላው ጎን ክብ አድርጉ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ ቀለሙ ይሰርጋል። አጋድማችሁ አስተኙትና በቀን ሦስት ጊዜ ገልብጡ፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። ካልተገለበጠ ፅንሱ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። እጃችሁን ታጠቡ፣ ቶሎ ጨርሱ፣ ዝጉ።

እርጥበቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። “ጣና ዳር ነን፣ አየሩ እርጥብ ነው” ይባላል። እስቲ እናስላው። ውጪ 20 ዲግሪ የሆነ፣ 60 ከመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ ሳጥኑ ገብቶ 37.5 ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 22 ከመቶ ይወርዳል። እንቁላሉ የሚፈልገው በመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ከ50 እስከ 55፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 ነው። ስለዚህ ሳህኑ መድረቅ የለበትም። እርጥበት የሚጨምረው የሳህኑ ስፋት እንጂ የውሃው ጥልቀት አይደለም። ካነሰ ሁለተኛ ሳህን ጨምሩ፤ ከበዛ በጠባብ ሳህን ተኩት። የምትጨምሩት ውሃ ለብ ያለ ይሁን።

የርካሽ እርጥበት መለኪያ ቁጥር ግን እንደ ሟርት ነው። የማይዋሸው ሚዛኑ ነው። እንቁላል ሲፈለፈል ውሃ እየተነነበት ይቀልላል። እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከመቶ 12 ወይም 13 ያህል መቀነስ አለበት። የሐበሻ እንቁላል ከሆነ 24ቱ አንድ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ስታስገቡ ልክ 1,000 ግራም ከነበረ በሰባተኛው ቀን 950፣ በ14ኛው ቀን 900፣ በ18ኛው ቀን 875 አካባቢ ማግኘት አለባችሁ። በሰባተኛው ቀን 970 ላይ ከቆመ ሳጥኑ በጣም ረጥቧል፤ ሳህን ቀንሱ። 930 ከወረደ ደርቋል፤ ጨምሩ። ከፍ ባለ ቦታ እንቁላል ውሃውን ቶሎ ስለሚያጣ፣ ከቆላ አገር የመጣን የእርጥበት ቁጥር እንዳለ ከመቅዳት ይህ ይበልጣል። ክረምትና በጋም ስለሚለያይ በየዙሩ መዝኑ።

በሁለተኛው እሑድ፣ ማለትም በሰባተኛው ቀን፣ መጀመሪያ መዝኑ፤ ከዚያ ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልክ ባትሪ በእያንዳንዱ ሰፊ ጫፍ ላይ አብሩ። ሕይወት ያለው እንቁላል መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል፤ ከእሱ ቀያይ የደም ሥሮች ወደ ዳር ዳር ይዘረጋሉ። ጸጥ ብላችሁ ካያችሁት ነጥቡ ሲነቃነቅ ይታያችኋል። ባዶው ጥርት ብሎ ይበራል። ደም ሥር ሳይኖረው ቀይ ቀለበት ብቻ የሚታይበት ተጀምሮ የሞተ ነው። ባዶውንም የሞተውንም አውጡ፤ የሞተ እንቁላል ሙቀት ውስጥ ይገማና ይፈነዳል፤ ሽታው ቤት ያስለቅቃል። ከወጣ በኋላ የቀረውን እንደገና መዝናችሁ ጻፉት፤ በሚቀጥለው እሑድ የምታነጻጽሩት ከዚያ ቁጥር ጋር ነው።

መብራት ሲጠፋ

ይጠፋል። ስለዚህ ሳይጠፋ ተዘጋጁ።

ቅዝቃዜ ከሙቀት ይልቅ ይቅር ባይ ነው። ለሁለት ሦስት ሰዓት ሙቀቱ ቢወርድ አብዛኛው ፅንስ ይተርፋል፤ ምናልባት አንድ ቀን ዘግይቶ ይወጣ ይሆናል። 40 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ግን ለዚያው ያህል ጊዜ ከቆየ ይገድላል። መብራት ሲጠፋ ተደናግጣችሁ የምታደርጉት ነገር ከመጥፋቱ የባሰ እንዳይሆን።

በሩን አትክፈቱ። ፍሪጁን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ ቀዳዳዎቹን ግን ተዉላቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ እጅ የሚያቃጥል ነገር ግን ያልፈላ ውሃ በሃይላንዶቹ ሙሉና ከታች አስገቡ። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያኮማትረዋል። ሃይላንዶቹ እንቁላሉን አይንኩ። የከሰል ምድጃ ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ ዘግቶ መተኛት የሚባል ነገር አይታሰብ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል፤ እንቁላሉን ብቻ ሳይሆን እናንተንም።

መብራት እምብዛም የማይጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ እድለኞች ናችሁ። ካልሆናችሁ ከመጀመሪያው በ12 ቮልት መሥራት ይሻላል። ደብልዩ 1209 የሚባለው ትንሽ ቴርሞስታት በ12 ቮልት ይሠራል፤ ዋጋውም ከኤስ ቲ ሲው ያነሰ ነው። አምፖሉን ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ታገኛላችሁ፤ ባለ 21 ዋት የኋላ መብራት። ሁለቱ ሲበሩ የሚወስዱት 3.5 አምፔር ነው። ሳጥኑ አንዴ ከሞቀ በኋላ አምፖሎቹ ጠፋ በራ ስለሚሉ ደህና ባትሪ ሌሊቱን ሊያሳድር ይችላል። ባትሪው በቻርጀር ወይም በሶላር ይሞላል። ሁለት አምፖል ካነሰው ሦስት አድርጉት፤ ፍሪጁ ትልቅ ከሆነ ማነሱ አይቀርም።

መውጫው

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሐሙስ፣ 18ኛው ቀን ይሆናል። መገልበጥ አቁሙ። ከወንፊቱ ላይ ንጹሕ ጆንያ አንጥፉ፤ ጋዜጣ ያንሸራትትና የጫጩቱን እግር ያንፈራጥጠዋል። ሁለተኛውን ሳህን ጨምሩ፣ የአየር ቀዳዳዎቹን በሙሉ ክፈቱ፣ ከዚያ በሩን ዝጉና እስከ መጨረሻው አትንኩት።

ቅዳሜ ጭውጭውታ ትሰማላችሁ። ቅርፊቱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይታያል፣ ከዚያ ለሰዓታት ምንም። ሞተ ብላችሁ እጃችሁን አታስገቡ። ጫጩቱ እያረፈ፣ የቅርፊቱን ደም ወደ ራሱ እየሳበ፣ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እያስገባ ነው። ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስከ መውጣት 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ልርዳው ብሎ ቅርፊት የላጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ደም ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ እርጥበቱ ይወጣና የሌሎቹ ስስ ሽፋን ደርቆ ይጠብቅባቸዋል።

የወጡት ሳይበሉ ሳይጠጡ ሁለት ቀን ይቆያሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ አስኳሉ አለ። ላባቸው እስኪደርቅ እዚያው ይሁኑ። አብዛኞቹ አርብ ወይም ቅዳሜ ቀድመው ከወጡ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ እስከ ሰኞና ማክሰኞ ከጎተተ ዝቅ ብሎ ነበር። ለሚቀጥለው ዙር ኤፍ 1ን 0.2 ወይም 0.3 አሻሽሉ። ቅርፊት ሰብረው ደርቀው ከቀሩ እርጥበት አንሷል፤ አብጠው፣ ተዝረክርከው፣ ሳይሰብሩ ከሞቱ በዝቷል። ከ50 እንቁላል 50 ጫጩት የሚጠብቅ ሰው ለራሱ ሐዘን ያዘጋጃል።

ከዚያ በኋላ

ለመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋቸዋል፤ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ቴርሞሜትር ባይኖር እነሱን እዩ፦ ተጠጋግተው ከተቆለሉ ብርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። መብራት ለሚያስቸግረው ሃይ ቦክስ የሚባለው፣ ዙሪያውን ጭድ የተሞላ ሳጥን አለ። የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት አምቆ ይይዛል፣ የግብርና ባለሙያዎች ያውቁታል።

ለፈንግል በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን የሚንጠባጠብ ክትባት ስላለ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጫጩቶቹ ሳይወጡ ተነጋገሩት። ክትባቱ በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ጫጩት ስለሚመጣ ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ መግዛት ያዋጣል።

መፈልፈያውን ነቅላችሁ ቅርፊቱን ጥረጉ፣ በረኪና በውሃ አቅጥናችሁ እጠቡ፣ በሩን ከፍታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አቁሙት። አምፖሎቹንና ሴንሰሩን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ። ሁለተኛውን ዙር ከማስገባታችሁ በፊት ያንን የሰው ቴርሞሜትርና ለብ ያለ ውሃ እንደገና አውጡና ኤፍ 4ን አረጋግጡ።